ሁለተኛው አንባቢ

ወንድሜ በሞተ በስምንተኛው ቀን መሥሪያ ቤቱ ዕቃውን በካርቶን ላከልን፦ አንድ ሹራብ፣ ጆሮው የተሰበረ ኩባያ፣ ሦስት ካቻቪቴ፣ ባዶ የመነጽር ቤት። ካርቶኑን ይዞ የመጣው አለቃው በሩ ላይ እንደቆመ፣ «ዝምተኛ ሰው ነበር። የተበላሸ ፕሪንተር ማንም እንደሱ አያድንም» አለ። ያለው ሐሰት አይደለም። ወንድሜ ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ የመድን ድርጅት ምድር ቤት ተቀምጦ ኮምፒዩተርና ፕሪንተር ሲጠግን ኖሯል። ግን እኔ በሙያዬ የመዛግብት ሠራተኛ ነኝ፤ ፋይል ጎዶሎውን ሲዘጋ አልወድም። የጎደለውን እዚህ እጽፋለሁ።

የጎደለው ነገር «መደርደሪያ» ይባላል። መደርደሪያ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው፤ አንድ ቤተ መጻሕፍት ወይም የካርድ ክፍል ያሉትን መጻሕፍትና ሰነዶች መዝግቦ፣ የትኛው በየትኛው ሣጥን እንዳለ እንዲያውቅ ያደርጋል። ኢንተርኔት አይፈልግም፣ አሮጌ ኮምፒዩተር አይንቅም። ክፍት ምንጭ ከሚባሉት ወገን ነው፤ ማለትም የተሠራበት ኮድ ሳይደበቅ ለሁሉም ተቀምጧል፤ ያሻው ያነበዋል፣ የቻለ ያስተካክለዋል፣ ያስተካከለውንም መልሶ ለሌላው ያካፍላል። ወንድሜ የጀመረው ለእኔ ነበር። የመዝገብ ቤቱን ኃላፊነት በተረከብኩበት ዓመት፣ አንድ ፋይል ለማግኘት ሦስት ቀን ፈጀብኝ ብዬ ስነጫነጭ ሰማኝና በሁለት ወር ሠርቶ አመጣልኝ። ከዚያ በኋላ አሥራ አራት ዓመት አልለቀቀውም፤ ወይም ፕሮግራሙ እሱን አልለቀቀውም።

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ይነሣል። እስከ አንድ ሰዓት ኮድ ይጽፋል፤ ተጣጥቦ ወደ ምድር ቤቱ ይወርዳል። የምሳ ሰዓቱን የተጠቃሚዎችን መልእክት ለመመለስ ያውለዋል፤ በአንድ እጁ ዳቦ ይዞ በሌላው ይተይባል። ቅዳሜ ቅዳሜ ላፕቶፑን አንግቶ እኔ ቤት ይመጣና ከምግብ ጠረጴዛው ጫፍ ይቀመጣል። እናታችን የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው፤ ዓይኗ ደክሟል፣ ምላሷ ግን ገና አልደከመም።

«ዶሮ እንኳ ሃያ አንድ ቀን ተቀምጣ ጫጩት ታሳያለች። አንተ ይሄን ሁሉ ዓመት ታቅፈህ ምን ፈለፈልክ?» ትለዋለች።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ በስንት አገር ይሠራበታል።»

«ታዲያ ከዚያ ሁሉ አገር አንዲት ሴት ጠፋች?»

ይስቃል። ትዳር አልያዘም። ስለሱ ለሚጠይቋት ሁሉ መልሷ አንድ ነበር፦ «ልጄ ኮምፒዩተር አግብቷል። ምራቴ ኩሩ ናት፤ ሰላም እንኳ አትለኝም።»

በስንት አገር ይሠራበታል ያለው እውነት ነው። የተጻፈለትን ሁሉ አንድ በአንድ አይቻለሁ። በአሥራ አራት ዓመት ለ6,212 ጥያቄና አቤቱታ መልስ ሰጥቷል፤ «አመሰግናለሁ» የሚል ቃል የሚገኝባቸው 388 ናቸው። አንዱ «ፕሮግራምህ አይሠራም» ብሎ ይጽፋል። ወንድሜ «ምኑ ነው የማይሠራው?» ይላል። «ሁሉም።» «ስትከፍተው ምን ይልሃል?» «አልከፈትኩትም።» ይኸው ሰው በሦስተኛው ቀን መልስ ዘገየብኝ ብሎ ሰድቦታል። ወንድሜ መልሶ አልሰደበውም። ደግነት ብቻ አልነበረም፤ ለመሳደብም ጉልበት ያስፈልጋል።

መደርደሪያ አንድ የማይጣስ ደንብ ነበረው፤ ያወጣውም ራሱ ወንድሜ ነው። ማንኛውም ለውጥ፣ አንዲት ፊደልም ብትሆን፣ ከጻፈው ሰው ሌላ አንድ ሰው አንብቦ «አንብቤዋለሁ፣ ይግባ» ብሎ በስሙ ካልፈረመበት ወደ ፕሮግራሙ አይገባም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በአንድ ሰው ስህተት የአንድ ክሊኒክ የሕሙማን ዝርዝር ሊጠፋ ይችላል፤ ሰው ደግሞ የራሱን ጀርባ አያይም።

በደጉ ዘመን ሰባት አንባቢዎች ነበሩ። በአካል የሚተዋወቅ የለም፤ የሚገናኙት በጽሑፍ፣ የሚጠራሩትም ለራሳቸው ባወጡት ስም ነው። ወንድሜ «ጠጋኙ» ይባል ነበር። ከሰባቱ አንዱ ልጅ ወለደ፣ አንዱ ሥራ ቀየረ፣ አንዷ ታመመች፣ ሦስቱ ደህና ሁን እንኳ ሳይሉ ጠፉ። የቀረችው ሬት ነበረች።

ሬት በአንድ ክሊኒክ የካርድ ክፍል የምትሠራ፣ ኮድ መጻፍ ራሷን በራሷ ያስተማረች ሴት ናት። ስሟን ስታወጣ፣ «እመራለሁ፣ ግን ለመድኃኒት ነው» ብላ ነበር። ከወንድሜ ጋር የተጣሉት በሁለት ቁልፎች ነው። በፕሮግራሙ መስኮት ላይ «አስቀምጥ» እና «ሰርዝ» የሚሉት ቁልፎች ጎን ለጎን ነበሩ። የሬት የሥራ ባልደረባ አስቀምጣለሁ እያለ ደጋግሞ በመሰረዙ፣ ይራራቁ አለች። ወንድሜ ሰው ለምዶታል፣ አይነካም አለ። ስድሳ አንድ መልእክት ተጻጻፉ። አንብቤዋለሁ፤ ከሃያኛው በኋላ ስለ ቁልፍ የሚናገር መስመር የለም። የመጨረሻው የሷ ነው፦ «አንተ የምትፈልገው የሚያነብልህ ሰው አይደለም፣ የሚያጨበጭብልህ ነው። እንግዲህ ፈልግ።» ይህን ጽፋ ወጣች።

ፈለገ፤ አላገኘም። በአሥራ አንድ ሳምንት ውስጥ አንባቢ ያጡ ሃያ ዘጠኝ ማስተካከያዎች ተጠራቀሙ። አንዱ አጣዳፊ ነበር፦ ርዕሱ በጣም የረዘመ ሰነድ ሲመዘገብ ፕሮግራሙ በድንገት እየተዘጋ የሰውን የግማሽ ቀን ሥራ ይበላ ነበር። መፍትሔው ተጽፎ ተቀምጧል፤ ደንቡ ግን አያስገባውም። ማስታወቂያ አወጣ፤ ለጠፉት ሁሉ ጻፈ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ፤ እኔ ያለኝ አንድ ክር ነው፣ አንበሳው ግን ያው አንበሳ ነው» ይለኝ ነበር እያዛጋ።

በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ «ጭምት» የሚባል አዲስ አባል ተመዘገበ። በማግሥቱ አጣዳፊውን ማስተካከያ አንብቦ «ይግባ» አለ። ጭምት ወንድሜ ነበር።

ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው ብሎ ነበር የጀመረው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የሱ ውሸት ግን እያደር ከበደ። እንዳይነቃበት በጭምት ስም ከመፈረሙ በፊት አንድ ቀን ያሳድረዋል፤ አልፎ አልፎም ጭምት ጥቂት ነገር እንዲተች ያደርጋል። የሚገርመው ትችቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነበሩ። «አድሬ እንደ ሌላ ሰው ሆኜ ሳነበው እኮ ስህተቱ ይታየኛል። ጭምት ከኔ ይሻላል» አለኝ በኋላ። አብዛኞቹ ኮድ የማያነቡ ተጠቃሚዎች የሆኑት አባላትም ጭምትን ወደዱት። የማይቸኩል፣ የማይመጻደቅ፣ ነገር የማያበዛ ሰው በመካከላቸው አልነበረምና። ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ።

ባለፈው ዓመት የወንድሜ ልብ ታመመ። ደረጃ ሲወጣ በየአምስቱ እርከን መቆም ጀመረ። የልብ ሐኪሟ ስለ እንቅልፉ ጠየቀችው፣ ስለ ሥራው ጠየቀችው፣ ከዚያም እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣ «ከሁለቱ ሥራ አንዱን ትተዋለህ። እየለመንኩህ አይደለም» አለችው። የሚበላው ከምድር ቤቱ ስለሆነ የሚተወው መደርደሪያን ነበር።

የአባላቱ ወርኃዊ ስብሰባ ቅዳሜ ከሰዓት በጽሑፍ ይካሄዳል። በዚያ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዎች ተገኝተዋል። ወንድሜ እኔ ቤት፣ የተለመደው ቦታው ላይ ተቀምጦ፣ «ታምሜአለሁ። ከአንድ ወር በኋላ መምራት አልችልም። ተተኪ ምረጡ» ብሎ ጻፈና ጠበቀ። እኔ የታጠበ ልብስ እያጣጠፍኩ ነበር። ብዙም ሳይቆይ መሳቅ ጀመረ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ውኃ ይዤ ሮጥኩ።

«ምን ሆንክ?»

«ተመረጥኩ፣ እትዬ።»

«ለምን ተመረጥክ?»

«ራሴን እንድተካ።»

ስክሪኑን ወደኔ አዞረው። ዘጠኝ ሺህ መጽሐፍ በመደርደሪያ የመዘገበ፣ «ባለ ቤተ መጻሕፍቱ» የሚሉት አንድ ሽማግሌ፣ «ከጭምት የተሻለ ከየት ይመጣል? ጨዋ ነው፣ አስተዋይ ነው» ብሎ ጠቁሟል። የተቀሩት ሁሉ ደግፈዋል። አንዷ «ጭምት ዛሬም እንደ ልማዱ ዝም ብሏል፤ ዝምታ እሺታ ነው» ብላ ጨምራለች። ወንድሜ ጭምት ማን እንደሆነ የነገረኝ ያን ጊዜ ነው።

በእኔ ሥራ ይቅርታ የሌለው ጥፋት አንድ ነው፤ የሌለ ሰው ፊርማ። የያዝኩትን ልብስ አስቀመጥኩ።

«ስንት ጊዜ ፈረምክ?»

«መቶ ይሆናል።»

«ይሆናል?»

«እትዬ፣ እኔ እኮ ፋይል አይደለሁም። ወንድምሽ ነኝ።»

ሲናገር አልሳቀም። ቁጥሩን ከጤናው አስቀድሜ መጠየቄን አሁንም አልረሳሁትም።

እናታችን ከወንበሯ ሆና ታዳምጥ ነበር። «ምን አጥፍቶ ነው?» አለች።

«ለራሱ ነገር ራሱ ምስክር ሆነ» አልኳት።

«ሌላ ምስክር ጠርቶ ነበር?»

«ጠርቶ ነበር።»

«መጡ?»

«አልመጡም።»

«ታዲያ ያልመጡትም ይፈሩ እንጂ። እሱን ብቻ ምን ታፈጪበታለሽ?»

ሁለት መንገድ ነበረው። ዝም ቢል ጭምት ሆኖ ይቀጥላል፤ ሥራው ያው፣ ልቡ ያው፣ የሚለየው «ታሟል» ብሎ የሚያዝንለት ሰው ማጣቱ ብቻ ነው። እውነቱን ቢናገር ሦስት ዓመት የታመነው ሁሉ ይጠረጠራል፤ ሰዎቹ መደርደሪያን ጥለው ከሄዱ አሥራ አራት ዓመቱም አብሯቸው ይሄዳል። «እኔ እኮ ማረፍ ነው የፈለግሁት» አለኝ። «ሌላ ምንም አልፈለግሁም።»

ለአባላቱ አራት ቀን መልስ አልጻፈም። ለጭምት የእንኳን ደስ ያለህ መልእክት ይጎርፍለት ነበር። በአምስተኛው ቀን ከምድር ቤቱ ደወለልኝ። ከኋላው ፕሪንተር ያጉረመርማል።

«እትዬ፣ ዝርዝሩን አንቺ ሥሪልኝ። የምናገር ከሆነ ቁጥሩ ልክ ይሁን።»

ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ጭምት የፈረመባቸው ለውጦች 143 ናቸው። መቶ አይደሉም። ቀናቸውን፣ ምን እንደለወጡና የትኛው እትም ውስጥ እንደገቡ በሠንጠረዥ አስቀመጥኩለት። እሱ ከላዩ ይህን ጻፈ፦

«ጭምት የሚባል ሰው የለም። ጭምት እኔ ነኝ። አንባቢ ሳጣ ደንቡን ከምሽር ደንቡን ያከበርኩ መምሰል ቀለለኝ። ከታች ያሉትን 143 ለውጦች ከእኔ በቀር ያነበባቸው የለም። ስህተት ሊኖርባቸው ይችላል። ይቅርታ አድርጉልኝ አልልም፤ አንብቡልኝ ነው የምለው።»

የሳቁ ነበሩ። አንዱ «ከጭምት ጋር ስትከራከር ማን ነበር የሚያሸንፈው?» ብሎ ጠየቀ። ሦስት ሰዎች በዚያው ቀን ወጡ። ባለ ቤተ መጻሕፍቱ የጻፈው አጭር ነው፦ «ሦስት ዓመት ያመሰገንኩት ሰው የለም ማለት ነው? እኔ እኮ ሲታመም እንድጠይቀው አድራሻውን ልለምነው ነበር።» ወንድሜ ይህን ደጋግሞ ያነበው ነበር። አነባለሁ ብሎ የመጣ ግን የለም። አንድ ሳምንት አለፈ፤ ሌላ ሁለት ቀንም ተጨመረ። ጠዋት ይነሣል፣ መልእክት ያያል፣ ይተኛል። እንዲህ ያለውን መተኛት ዕረፍት አልለውም።

በአሥረኛው ቀን ከሬት ሁለት መስመር መጣ። «ክሊኒካችን እስካሁን በመደርደሪያ ነው የሚሠራው፤ ላንተ ብዬ አይደለም። ስልክ ቁጥርህን ላክ።»

ቅዳሜ ደወለች። ድምፁ ሲደክም እንዳግዘው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ አኖረው። ስምንት ዓመት ሲጻጻፉ አንድ ቀን ተነጋግረው አያውቁም።

«ውይ፣ ድምፅህ ይሄ ነው?» አለች። «በጽሑፍ እኮ ጄኔራል ነበርክ።»

«አንቺ ግን ያው ነሽ።»

«እኔ አልዋሽማ። ስማ፣ ከቁጥር አንድ ጀምሬ አነባለሁ፤ በሳምንት አምስት። ስህተት ካገኘሁ የማስተካከለው እኔ ነኝ፤ አንተ ኮድ አትነካም። ሐኪሟ ምን አለችህ?»

«አትሥራ።»

«ማንበብስ?»

«ስለ ማንበብ አልጠየቅኋትም።»

«እንግዲያ የኔን ታነባለህ፤ በቀን ግማሽ ሰዓት፣ በገዛ ስምህ። ደንቡ ሁለት ሰው ይላል፤ ሁለት ሰው ነን። መጀመሪያ የምልክልህ ደግሞ የቁልፎቹን ነው። አራራቅኋቸው።»

«ሰው እኮ ለምዶት...»

«ወይ ይግባ በል፣ ወይ ምክንያትህን ጻፍ። ስድሳ አንድ መልእክት ግን አልጽፍልህም።»

ሰኞ ጠዋት «ይግባ» ብሎ ፈረመ። ከዚያ በኋላ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት መነሣቱን ተወ። የተጠቃሚዎችን መልእክት ከስብሰባው ሁለት ሴቶች ተከፋፍለው ያዙለት። ምሳውን በሁለት እጁ መብላት እንደጀመረ አለቃው ነግሮኛል። ዕረፍቱ ሙሉ አልነበረም። ሬት በሠላሳ አንደኛው ላይ መጥፎ ነገር አገኘች፤ ሁለት ሰነዶች አንድ ዓይነት ርዕስ ካላቸው ፕሮግራሙ ሳይጠይቅ የቀደመውን ይደመስሰዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም አላየውም። ወንድሜ ለሁሉም ተጠቃሚ ጻፈ፤ ሁለት መሥሪያ ቤቶች መልሰው የጠፋባቸውን ነገሩት። ያን ቅዳሜ ምሳ አልበላም።

«ይቺን ጭምት ነው ያሳለፋት» አለኝ።

«ጭምት የለም።»

«አውቃለሁ እትዬ። ልቀልድ ብዬ ነው።»

ቀልዱ ውስጥ ሳቅ አልነበረም። ሬት ግን ስትደውል አላባበለችውም፤ «ሠላሳ ሁለት ልሂድ ወይስ ታለቅሳለህ?» ነው ያለችው። «ሂጂ» አላት። ያን ቀን ብዙ ያረፈ መሰለኝ።

አምስት ወር ገደማ እንዲህ ሠሩ። አንድ ሐሙስ ጠዋት ወደ ሥራ ሊወጣ የጫማውን ክር እያሰረ ሞተ። አርባ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ሬት ዘጠና ሰባተኛው ላይ ደርሳ ነበር።

ለአባላቱ መሞቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ምክንያቱን። ባለ ቤተ መጻሕፍቱ የእናታችንን አድራሻ ጠየቀና በእጁ የጻፈውን ደብዳቤ ላከላት፤ እኔ አነበብኩላት።

ላፕቶፑን የከፈትኩት በወሩ ነው። ወንድሜ ገና በስሙ እንደገባ ነበር። ስክሪኑ ላይ ሬት ለዘጠና ሰባተኛው ለውጥ የጻፈችው ማስተካከያ ተከፍቷል፤ ከግማሽ በላይ አንብቦ ሦስት አስተያየት ጽፎበታል፤ አልላካቸውም። ከሥር «ላክ» የሚለው ቁልፍ አለ። አንድ ጊዜ ብነካው በስሙ ይሄዳል፤ የሚጠይቅ የለም፤ ሬት እንኳ ረቡዕ ማታ ልኮት ዘግይቶ የደረሰ ይመስላታል። እጄን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቼ ጭኔ ላይ አኖርኩ።

ከዚያ በራሴ ስም ተመዘገብኩ። ሦስቱን አስተያየቶች ቃል በቃል ገለበጥኩና ከላያቸው እንዲህ ጻፍኩ፦ «እነዚህ የወንድሜ ናቸው። ከመሞቱ በፊት ጽፏቸው ያልላካቸው ናቸው። ንባቡን አልጨረሰም፤ ስለዚህ እንደ ፊርማ አይቆጠሩ።» ቀኑን ጨምሬ ላክሁ።

ሬት በማግሥቱ መለሰች።

«አንደኛው ትክክል ነው፣ አስተካክያለሁ። ሁለተኛውም ትክክል ነው። በሦስተኛው ግን ተሳስቷል። ቢኖር አስረዳው ነበር፤ አይሰማኝም እንጂ። አርባ ስድስት ቀርቶኛል፣ አንባቢም የለኝም። አንቺ ኮድ ታነቢያለሽ?»

አላነብም ነበር። «አልችልም» ብዬ ጻፍኩ፤ አልላክሁትም። ከዚያ አጥፍቼ፣ መማር ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ጠየቅኋት።